ዜሮ ማለት «አልተጨረሰም» ማለት ነው፦ የሲስተር ውባለም ሾዴ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ውባለም ሾዴ ከአባታቸው ከአቶ ሾዴ ጫንቆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢትዮጵያ ገብሬ ታኅሣሥ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ስለነበሩ ከትምህርት መልስ ክር እያጠነጠኑ አደጉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዊንጌት አጠናቀው በ1977 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በፍቼ ስምንት ዓመት ሲያገለግሉ ከመምህር ቶለሳ ደቻሳ ጋር ተዋውቀው በ1983 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ፤ ኦልያድንና ኪብሮንንም ወለዱ። በ1985 ዓ.ም. ወደ ጉለሌ ተመልሰው በአንድ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ።

ስለ ሲስተር ውባለም ሲነገር የ2009 ዓ.ም. ነገር ሊዘለል አይገባም። እሳቸውም እንዳይዘለል አደራ ብለዋል።

በዚያ ዓመት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አዲሳለም የጡት ራጅ ተነሥተው ውጤቱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት መጨረሻው ላይ «ምድብ 0» ይላል። ሲስተር ውባለም አነበቡና «እሰይ፣ ዜሮ ነው! ምንም የለብሽም» ብለው አቅፈው ሸኟቸው። ዜሮ ግን ምርመራው አልተሟላም፣ ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል ማለት ነበር። ወይዘሮ አዲሳለም ከአሥር ወር በኋላ ሲመለሱ ካንሰሩ ተሠራጭቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ።

ሲስተር ውባለም በማንም አላሳበቡም። ከሠልስቱ በኋላ ወደ ሟቿ ልጅ ወደ ሳምሪ ሄደው ያደረጉትን ነገሯት። ከወር በኋላ ሳምሪ ራሷ መጥታ «ለሌሎቹ ነርሶች ይንገሯቸው፤ የእናቴን ስም ግን እንዳይደብቁት» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላወቁም። ከዜሮ እስከ ስድስት ያሉትን ምድቦች በአማርኛ ጻፉ፤ እያንዳንዱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለታካሚዋ ምን እንደሚባል፣ በስንት ቀን ወዴት እንደምትላክ፣ ከቀረችም ማን ደውሎ እንደሚፈልጋት። ሐኪም እንዲያርምላቸው ሲጠይቁ «ይህ የነርስ ሥራ አይደለም» ያላቸው ነበር። «ወረቀቱ የሚመጣው ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው» ብለው መለሱ። አሥራ አንድ ሳምንት በየሐሙሱ በራጅ ሐኪሙ በዶክተር ኢምራን በር ላይ ተቀምጠው፣ በመጨረሻ ቃል በቃል አሳረሙት።

መመሪያው በ2011 ዓ.ም. በአሥራ ስድስት ገጽ ተባዛ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የወይዘሮ አዲሳለም ስም አለ። ሲስተር ውባለም ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሲሰጡ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከራሳቸው ስሕተት ነበር። አንድ ጤና መኮንን «ሲስተር፣ ይህን ባይናገሩትስ?» ቢላቸው፣ «እኔ ካፈርኩ አንተም ያልገባህን አትጠይቅም» አሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ጤና ጣቢያ ብቻ ውጤታቸው በትክክል ሳይነበብ የቀረ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች በስልክ ተፈልገው እንደገና ተመረመሩ። አራቱ ካንሰር ተገኝቶባቸው በጊዜ ታክመዋል፤ ዛሬም በዚህ ቀብር ላይ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት እየተደረገላቸው፣ በቀሪዎቹ ቀናት የመመሪያውን ሦስተኛ እትም አርመው ጨረሱ። ባለቤታቸው እንዲያርፉ ቢለምኗቸው «ሁለት ገጽ ነው የቀረኝ» ይሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሲስተር ውባለም ባለቤታቸውን መምህር ቶለሳን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ዘመንፈስቅዱስን ትተውልናል።

የታመሙትን የጎበኘ፣ የተሳሳተውን ያልገፋ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ለእኛም ያልገባንን የመጠየቅ ድፍረት ይስጠን። አሜን።