የእንጨት ዳክዬዎቹ ገመድ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ረገንስዶርፍ

ጎረቤቴ አዛውንቱ አዳኝ ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ይዘውኝ ሄዱ። የዱር ዳክዬ የሚያታልሉባቸው የእንጨት ዳክዬዎች ውሃ እንዳይወስዳቸው የሚታሰሩበት ገመድ ጆንያ ውስጥ ተተብትቦ ነበር። በቢላ ሊቆርጡት ሲሉ «ይቆዩ፣ ለእኔ ይስጡኝ» ብዬ ፈታሁት። አባቴ ድር ሲያደራ አይ እንደነበረው፣ የእያንዳንዱን ገመድ ከአንገት ወደ ጅራት በስምንት ቅርጽ ጠመጠምኩት። ውሃው ላይ ስንጥላቸው ገመዳቸው አንዱም ሳይያያዝ ተተረተረ።

ወዲያው እውነተኞቹ ከሰማይ ወርደው ከእንጨቶቹ መሀል አረፉ። ሽማግሌው መተኮሱን ረሱት።

«ማን አስተማረህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

አገር ቤት ተማሪ ሳለሁ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ» ነበር የምለው። ሸማኔን በጀርመንኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። መወርወሪያ እንደሚወረውር ሰው እጄን ግራና ቀኝ እያመላለስኩ «አባቴ!» አልኳቸው ጮክ ብዬ።

እውነተኞቹ ዳክዬዎች በሙሉ ብር ብለው ተነሡ።