ዋናው «ቅጂ» ተብሎ እንዲወገድ ስለተወሰነበት የኮሚክ መድበል

ቀን፦ መጋቢት 4

ለሥነ ጽሑፍና ሥዕል ውጤቶች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእጅ የተሳሉ የመጽሐፋችን ዋና ገጾች እንዳይወገዱና እንዲመለሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካቹ ረጅም ዘመን በጋዜጣ አራሚነት ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ከመሥሪያ ቤቶች የሚላኩ መግለጫዎችን ሳርም ስለኖርኩ በደብዳቤ በቀላሉ አልደነግጥም። ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ሳምንት የላከልንን ግን ደጋግሜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለመረዳት፣ ቀጥሎም በትክክል መረዳቴን ለማመን። ደብዳቤው በመጀመሪያው አንቀጽ መጽሐፋችን መመዝገቡን ያበስራል። በሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ይኸው መጽሐፍ በወሩ መጨረሻ በወረቀት መቁረጫ ማሽን እንደሚወገድ ያስታውቃል። ስለ መጀመሪያው አንቀጽ እናመሰግናለን። ይህ አቤቱታ ስለ ሁለተኛው ነው።

1. መጽሐፉ በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረኩ አራት ታሪኮችን የያዘ የኮሚክ መድበል ነው። አሳታሚ የለውም፤ የምናሳትመው ራሳችን ነን። የሚሠራው በባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤት፣ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ ምግብ ሲቀርብ ገጾቹ ወደ አልጋው ይዛወራሉ። የባለቤቴ ወንድም የሱቅ ማስታወቂያ ሠዓሊ ነው፤ በሰፈራችን ያሉት የፀጉር ቤት፣ የጫማ ቤትና የመድኃኒት ቤት ሰሌዳዎች የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። ሴት ልጁ ደግሞ ከተሳሉት ሰዎች አፍ የሚወጣውን ንግግር በክብ ክቡ ውስጥ በእጇ ትጽፋለች። ጎረቤታችን ጥርስ ሠሪው፣ በተውሶ ጥርስ ስለሚስቅ ንጉሥ የሚተርክ ታሪክ ስሎ አምጥቶልናል። እኔ እጽፋለሁ፣ አርማለሁ፣ እጨቃጨቃለሁ።

በመካከላችን ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው። ገጽ ላይ ቀለም ያሳረፈ ሰው ሁሉ፣ ያሳረፈው አንዲት ጭረት ብትሆንም፣ ስሙ ከሠራው ነገር ጋር በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይታተማል። የጥርስ ሠሪው ሚስት አንዲት ድመት ጺም የላትም ብላ ስለጨመረችላት፣ «የድመቷ ጺም» ተብሎ ስሟ ገብቷል። ይህን ሕግ እዚህ ያነሳሁት ወደ በኋላ ስለምፈልገው ነው።

2. ሠዓሊው ሲሳሳት ወረቀቱን ቀዶ አይጥልም። ስህተቱን በነጭ ቀለም ይሸፍንና ሲደርቅ በላዩ ላይ ይስላል። ስህተቱ ከበዛ ሌላ ወረቀት ቆርጦ ይለጥፍበታል። ስለዚህ የኮሚክ ዋና ገጽ ንጹሕ አይደለም፤ ነጭ ቀለምና ልጥፍ የበዛበት ነው። ሲታተም ይህ ሁሉ አይታይም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በጽሕፈት ቤትዎ አይጠፋም ብለን ገምተን ነበር። በሥዕል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማለቴ ነው።

3. በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ «ዋናው ከቅጂው ጋር ይቅረብ፤ ዋናው ተመሳክሮ ወዲያው ይመለሳል» የሚል ማስታወቂያ አለ። ልጅቱም ዋናዎቹን ገጾችና ፎቶ ኮፒያቸውን በአንድ ፖስታ ይዛ በሦስተኛው መስኮት ቀረበች። የመስኮቱ ሠራተኛ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ጥቂት ካየ በኋላ የተባባሉትን፣ እሷ እንደነገረችኝ አሰፍረዋለሁ።

«እህቴ፣ አባትሽ ጥሩ አድርጎ ስሎ ነበር። ማነው እንዲህ የለቀለቀበት?» «ራሱ ነው።» «በገዛ ሥራው ላይ?» «ሲያርም ነዋ!» «በቃ፣ ራሱ ነካክቶታል። ሰነድ አይነካካም፣ እህቴ።»

ከዚያም ገጾቹን ይዞ ባለሙያ ወደሚባሉት ሰው ክፍል ገባ። ባለሙያው ለመፍረድ ከወንበራቸው መነሳት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋና ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ንጹሑ ዋናው ነው፣ የተለቀለቀው ቅጂው ነው ብለው ወሰኑ። በዚህም መሠረት ፎቶ ኮፒው ዋና ተብሎ ካዝና ገባ። በእጅ በተሳሉት ገጾች ላይ ደግሞ «ቅጂ» የሚል ክብ ማኅተም በየገጹ አረፈባቸው። ማኅተሙን የመታው ሠራተኛ ጽሑፍ እንዳይሸፍን ተጠንቅቆ፣ ባዶ ቦታ እየፈለገ ነው የመታው። ሥዕል ውስጥ ባዶ ቦታ ማለት ሰማይ፣ ግድግዳና የሰው ፊት መሆኑን ግን የነገረው የለም።

4. በማግስቱ በአካል ቀርቤ ባለሙያውን አነጋገርኩ። ገጾቹ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። የጥርስ ሠሪው ንጉሥ ግንባሩ ላይ «ቅጂ» የሚል ሐምራዊ ማኅተም ይዞ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ገጹን ገልብጠው ጀርባውን ቢዳስሱት የብዕሩ ጫፍ የሄደበት መስመር ይሰማዎታል፣ የፎቶ ኮፒው ጀርባ ግን ልሙጥ ነው፣ አልኳቸው። «አባባ፣ ሰነድ በጣት አይዳሰስም» አሉኝ፣ ገጹን በጣታቸው እየመቱ። ነጩ ቀለም በጥፍር ሲነኩት ይነሳል፣ ኮፒው ላይ ያለው ግን አይነሳም፣ አልኳቸው። «አዩ! ይነሳል ካሉማ ተነካክቷል ማለት ነው» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። እንደ እኚህ ያለ ሰው ጋዜጣ ቤት ቢቀጠር የሟችን ማስታወቂያ በሠርግ ዓምድ ካወጣ በኋላ፣ ቤተሰቡ ለምን ደስ እንዳላለው ይጠይቅ ነበር። በእርስዎ ዘንድ ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

5. በካዝና ካለው «ዋና» ለምን አታትሙም ሊሉን ይችላሉ። አራተኛው ታሪክ የሠዓሊው የራሱ ነው። እናቱ፣ ማለትም አማቴ፣ በመስኮት ሥር ተቀምጠው የሰው ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ስላሳደጉበት ክፍል ይተርካል። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሲያስገቡ የሚያሳይ አንድ ሙሉ ገጽ አለ። ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ፎቶ ኮፒው አላነሳውም። በጽሕፈት ቤትዎ ካዝና ባለው ገጽ ላይ አማቴ ባዶ ጣቶቻቸውን ትኩር ብለው ሲመለከቱ ይታያሉ። ታሪኩ የልብስ ሰፊ መሆኑ ቀርቶ የአንዲት በሽተኛ ታሪክ ሆኗል።

እንደገና ይሳል እንዳይባል፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ የሠዓሊው ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ሐኪሙ ነግሮታል። አሁን ሰሌዳ አይስልም፤ ውኃ እንኳ የሚጠጣው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ነው። አማቴ በሕይወት ዘመናቸው ፎቶግራፍ አልተነሱም። መልካቸው የቀረው ልጃቸው እጁ ሳይከዳው በሳላቸው በእነዚያ ገጾች ላይ ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ ማሽን ውስጥ የሚገባው ይህ ነው።

ይህን የጻፍኩት እንዲያዝኑልን አይደለም። ማዘን የዚህ ጽሕፈት ቤት ሥራ ቢሆን ኖሮ፣ በየትኛው መስኮት እንደሚጠየቅ በሩ ላይ ይለጠፍ ነበር።

6. ከገጾቹ አንዱ በስህተት ተመልሶልናል። ከደብዳቤው ጀርባ ተጣብቆ መጣ፤ ከልጥፉ የተረፈ ሙጫ ይዞት ይመስለኛል። እስካሁን ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው መልካም አገልግሎት ይህ ነው። አማቴ መስኮቱን ከፍተው የልጆቻቸውን መምጣት የሚጠብቁበት ገጽ ነው። ማኅተሙ ከመስኮቱ በላይ፣ ሰማዩ ላይ አርፏል። ልጅቱ ስታየው አለቀሰች። እኔ ያልኩትን ለክብርዎ ስል እዚህ አልጽፈውም። ሠዓሊው ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ገጹን ራቅ ቀረብ እያደረገ ብዙ ከተመለከተው በኋላ «ተዉት፣ እንዳትነኩት» አለ። «አባዬ፣ በነጭ እንሸፍነዋለን እኮ» ብትለው፣ «ለምን ብዬ? እዚህ ጋ ጨረቃ ጎድሎኝ ነበር። ደግሞ ክቧን አሳምሯታል፤ የእኔ እጅ ቢሆን አሁን እንቁላል ነበር የሚያወጣት» አለና ሳቀ። እጁ ከታመመ ወዲህ ስለ እጁ ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

የዚህን ገጽ ፎቶ ኮፒ አያይዣለሁ። ዋናውን እንዳትጠይቁን።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልን በአክብሮት አመለክታለሁ፦

ሀ) ገጾቹ እንዳይወገዱ ዛሬውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥልን፤

ለ) ሌላ ማኅተም፣ ፊርማም ሆነ ምልክት ሳያርፍባቸው ለልጅቱ እንዲመለሱላት። ቅጂ ናቸው ብሎ ጽሕፈት ቤቱ ካመነ እሰየው፤ ቅጂን ለባለቤቱ መመለስ ምን ያስቸግራል? በካዝና ያለውን «ዋና» ባለሙያው እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት፤ እኛ አንፈልገውም፤

ሐ) ማኅተሙን የመታው ሠራተኛ ሙሉ ስም በጽሑፍ እንዲገለጽልን። ልንከሰው አይደለም። የባለሙያውን ስም አንጠይቅም፤ እሳቸው ገጽ ላይ ያሳረፉት አንዳች ነገር የለም። ማኅተም የመታው ሰው ግን፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ከእኛ ጋር ሠርቷል፤ ሕጋችንም በተራ ቁጥር 1 እንደገለጽኩት ነው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ተዘጋጅቷል። «የድመቷ ጺም» ከነባለቤቷ ገብታለች። ከሥሯ «ጨረቃ» ብለን ጽፈን፣ የስሙን ቦታ ክፍት ትተን እየጠበቅን ነው።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የመድበሉ ጸሐፊና አራሚ
ስለ ራሱ፣ ስለ ሠዓሊው፣ ስለ ልጅቱና ስለ ጥርስ ሠሪው