ያልታወቀው እግር

ወዳጄ ገብረሰንበት፣

የካርዱን ሥዕል ተወው፤ ጣሊያን ካሠራው ድልድይ በቀር ሌላ ሥዕል ያለበት አጣሁ። ትናንት ከቡሬ ወጥቼ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብዬ እመት ደስታነሽ ዘንድ አደርሁ። ጣሊያን ቤታቸውን አቃጥሎባቸው በረት ውስጥ ይኖራሉ። ልጃቸው ክንዱ አርበኛ ነበር፤ በክረምቱ ወድቋል።

ውኃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡኝ ተንበረከኩ። በእኛ በደብረ ታቦር ይህ የልጆች ሥራ ነው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ናቸውና አፍሬ እግሬን ሰበሰብሁ።

«ተው ልጄ» አሉኝ፤ «ክንዱን አንድ መንገደኛ ከወደቀበት ተሸክሞ፣ ለቤተ ክርስቲያን አብቅቶ ቀብሮልኛል። ስሙን ሳይናገር ሄደ። እግሩን ስለማላውቀው የመጣውን ሁሉ አጥባለሁ። ልጄን ለአሞራ ያልሰጠብኝ አምላክ ይመስገን።»

ያ መንገደኛ እኔ እንዳልሆንሁ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን እግሬን መልሼ ዘረጋሁላቸው። አጥበው ሲጨርሱ እግሬን ሳሙት።

ካርዱ ሞላብኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ። መንገደኛ ከመጣባት እግሩን ሳታጥብ እንዳታሳድረው ንገራት። ወንድሜን እንዳለውን ማይጨው ላይ ማን እንደቀበረው እኛም አናውቅምና።

ይርሳው