መሬት ላይ የቀረው የገመድ ጫፍ

አባባዬ፣ ሰላም በአንተ ላይ ይሁን።

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። እኛ ሴቶቹ መቃብር ስለማንሄድ የምናውቀው አጎቴ ሲመለስ የሚነግረንን ብቻ ነው። ሣር በቅሎበታል አለን። በአፌ መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የስፌት መኪናህን እማዬ በጨርቅ ሸፍናዋለች። ጀምረኸው የነበረው ሱሪ አንድ እግሩ ብቻ እንደተሰፋ አለ፤ ባለቤቱም ሊጠይቅ አልመጣም። እሳት በተነሳ ቁጥር አብረውህ ያጠፉ የነበሩት የሰፈር ሰዎች ሄልሜትህን አጥበው አመጡልን። ጥላሸቱ ግን አለቀቀም።

የሰፈሩን ልጆች ግቢያችን ሰብስበህ ስታስተምረን ትዝ ይለኛል። እሳት ያየ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ነው የሚሮጠው ትለን ነበር። ማንም ብቻውን አይገባም፤ የሚገባው ገመድ በወገቡ ያስራል፣ ጫፉን ደጅ የቆመ ሰው ይይዝለታል። ተራ በተራ ስታስጮኸን የእኔ ተራ ደረሰና ድምፄ አልወጣ አለ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አንተ ግን ይቺ ድምጿን ለሠርጓ እያጠራቀመች ነው ብለህ በእኔ ፈንታ ጮህክልኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ስመለስ ከእማማ አለሚቱ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ አየሁ። ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ስለሆኑ ቤታቸው ጥጥ ብቻ ነው። መታጠፊያው ላይ ጎረምሶች ተቀምጠዋል። በእነሱ ፊት ኡኡ ማለት አፈርኩ። አባባ፣ እሳት እያየሁ አፈርኩ። ሮጬ መጣሁና በጆሮህ ነገርኩህ።

ገመዱን እያነሳህ “ጮህሽ?” አልከኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

“ጎሽ፣ የኔ ልጅ” አልከኝ። ከአንተ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ተከትዬህ መጣሁ። ገመዱን ወገብህ ላይ አስረህ ጫፉን ደጃፉ ላይ ጣልከው። ሰዎቹ ከኋላህ እየመጡ መስሎህ ነው። እማማ አለሚቱን አወጣሃቸው። ከዚያ የጋዙን ሲሊንደር ልታወጣ ተመለስክ፤ ቢፈነዳ በግድግዳ የተያያዙት ቤቶች ሁሉ ይሄዱ ነበር። ጣሪያው የወረደው ያኔ ነው። የገመዱን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ፤ አልመጣልኝም። ያኔ ጮህኩ። ጎረምሶቹ ወዲያው ደረሱ። ይህን ያህል ቅርብ ነበሩ።

ለቀስተኛው ሁሉ የአላህ ውሳኔ ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ። እማማ አለሚቱ ግን ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ። ጾም ስለሆኑ እማዬ የምታቀርብላቸውን ውሃ እንኳ አይቀምሱም። በሩ አጠገብ ይቀመጡና እኔን ብሎ ነው የሞተው፣ ምነው እኔን በወሰደኝ ይላሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ስምንት ወር ሙሉ የእኔን ጥፋት እሳቸው ተሸክመውልኛል።

ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። የምታጥበውን ልብስ ጨምቃ አሰጣችው። ከዚያ ሲመጡ አንቺው ንገሪያቸው፣ እኔ አልነግርልሽም አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን አላየችኝም።

ነገ ዓርብ ነው። እማማ አለሚቱ በሩ አጠገብ ሲቀመጡ ከጓዳ እወጣለሁ። ድምፄ ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ በእኔ ፈንታ የሚጮህልኝ የለም። ቢሆንም ሌላ ሰው በሌለበት ቀስ ብዬ አልነግራቸውም። እማዬም ጎረቤቱም ባለበት እናገራለሁ።

ደግነትህን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውስልሃል። እኔ ጎሽ ያልከኝን አስታውሳለሁ። ሳይገባኝ የሰጠኸኝ ነውና ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ልጅህ ሰዓዳ