ቅጹ ላይ ያሰመርኳት ሰረዝ

ሐሙስ፣ ኅዳር 17 ቀን 1974 ዓ.ም.
አዋሳ

ዛሬ ቢሮ ቅጽ አስሞሉን። «ሃይማኖት» የሚለው ላይ ስደርስ ሰረዝ አድርጌ አለፍኩ። ጴንጤ መሆኔ ከታወቀ ከታይፒስትነቴ ያባርሩኛል። «የለኝም ብዬ አልጻፍኩም፤ ሰረዝ ክህደት አይደለም» እያልኩ እስከ ምሳ ራሴን ሳባብል ቆየሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ቆጮና ጎመን አቅርባ ጠበቀችኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገች ወዲህ መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ ነው የምንጸልየው። ዛሬ ማዕዱን የመባረክ ተራው የእኔ ነበር። «አባት ሆይ» አልኩና ቃል አጣሁ። ጠዋት አላውቅህም ያልኩትን አሁን በምን አፌ አባት ልበለው? እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። አልተቆጣችኝም። «ሰረዝ ምን ይመስላል?» ብቻ አለችኝ። ጣቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ ጠረጴዛው ላይ አሰመርኩላት። ትንሽ አየችው። ከዚያ የራሷን ጣት ነክራ መሃሉ ላይ ከላይ ወደ ታች አሰመረችበት። መስቀል ሆነ።

«ይሄማ ገና አላለቀም፣ ልጄ» ብላ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ቅጹ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ የሚሰበስቡት ነገ ጠዋት ነው። እፈራለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃ ከደረቀ ቆይቷል። መስቀሉ ግን አሁንም ይታየኛል።