ፕሮሰሰሩና የፎቶ ቤቱ ሸንጎ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሚኪያስ፤ ሻርጃ፦

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት የምናዘዘው ኃጢአት አለብኝና እባክህ ቆመህ አንብበው። ከኮምፒውተሩ አዲስ ፕሮሰሰር ጋር «ለቤተሰቡ በሙሉ» ብለህ የላክኸውን ለውዝ የገባበት ተምር የበላሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን። ለእማዬ «አይጥ ነው» አልኳት፤ እሷም ለሌለ አይጥ ወጥመድ ገዝታ አጥምዳለች። ንስሐዬን ተቀበለኝ፤ ቀኖናውን ግን አንተው ጹምልኝ።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ አብሮህ የሚኖረው የራጉኤል ማንኮራፋት እንዴት ናቸው? ጀርባህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆትና ከአቶ ገብረዮሐንስ ንግግር በቀር የሚያስጨንቀን የለም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬ ስለተወረሰ ነው። ለምን እንደተወረሰ እነግርሃለሁ፤ ስትሰማ አትሳቅ፣ ወይም ሳቅ፣ ምን ቸገረኝ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ከጎናችን ጨርቅ የምትሸጠው ኡሙሀኒ ናት፤ ዕቃ ልታመጣ ሰኞ ትበራለች።

እሑድ ስትደውል አባዬ ስለ ፕሮሰሰሩ «ይበራል!» አላለህም? አይበርም። ይድሃል። አባታችን ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም፤ ዋሸህ ማለቴ ነው።

ዕቃው የደረሰ ቀን አባዬ ሸንጎውን ሰበሰበ። ሸንጎው ማለት ሁለት ሽማግሌ ነው። አንደኛው አቶ ገብረዮሐንስ፤ ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ በየማለዳው ሁለት ታክሲ ይዘው ፒያሳ፣ ፎቶ ቤታችን ይመጡና ደንበኛ ፎቶ የሚነሳባት በርጩማ ላይ ይሰየማሉ። ደንበኛ ሲገባ ይነሳሉ፤ ደንበኛው ሲወጣ ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማኅተም ሲመቱ ስለኖሩ የማያውቁት ነገር የለም። ሁለተኛው ጋሽ አርአያ ናቸው፤ ሬዲዮ ጠጋኙ። ለእሳቸው የዕቃ ሁሉ በሽታ አንድ ነው፣ «ኮንታክት» ይባላል፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፣ ጥፊ።

አባዬ ለሙሽሮች የምናከራየውን ነጭ ጓንት አጠለቀ። እውነቴን ነው፣ የሙሽራ ጓንት! አሮጌውን ፕሮሰሰር አውጥቶ አዲሱን አስገባ፣ አብሮት የላክኸውን ነጭ ቅባት ቀብቶም የብረት ማቀዝቀዣውን ከላይ ገጠመበት። ጋሽ አርአያ ደግሞ ማን እንዳዘዛቸው እንጃ፣ ሁለቱን ሜሞሪዎች ነቅለው የሜሞሪዎቹን የብረት ጥርስ በላጲስ ፈተጉና «ዕቃ በፍቅር ነው» እያሉ በቀስታ መለሷቸው። ዘመናቸውን በጥፊ ኖረው ፍቅር ያማራቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሦስቱም አጨበጨቡ። እማዬም የሠራችውን ዳንቴል አምጥታ ከላይ አለበሰችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። አሥራ ስድስት ጊጋ የነበረው ሜሞሪ ስምንት ሆኖ ቁጭ አለ። የሠርግ ቪዲዮ ሲከፈትበት ትንሽ እልፍ ይልና ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ ወዲያው ምስሉ ቀጥ ይላል። ሙሽራዋ ለኬኩ አፏን እንደከፈተች፣ ሙሽራው ማንኪያ እንደዘረጋ፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስም እዚያው ናቸው።

አቶ ገብረዮሐንስ መረመሩ። መመርመር ማለት እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ መዞር ነው። «አዲሱ ፕሮሰሰር ትልቅ ነው፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ድርሻውን ያነሳል። የሜሞሪውን ግማሽ ለራሱ ይዞታል፣ በእኩል እንደሚያሳርስ ባለመሬት ማለት ነው» አሉ። እኔም «መሬት ላራሹ ከታወጀ እኮ ቆየ፣ አቶ ገብረዮሐንስ» ብላቸው «ጌቱ፣ ይህችን ልጅ አስተምረሃል ግን አላሳደግሃትም» አሉት ለአባዬ። ጋሽ አርአያ «ኮንታክት ነው» ብለው የኮምፒውተሩን ኬዝ በጥፊ አጮሉት። ሜሞሪው ስምንት፤ ጥፊው ዘጠኝ።

አልዋሽህም፣ እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። «የሴቲንግ ጉዳይ ነው፣ ለእኔ ተዉልኝ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁና ከሰዓቱን ሙሉ ስጎረጉር ዋልኩ። ምንም የለም። «በርቺ ኢንጂነር!» እያሉ ሙድ ያዙብኝ። ሳይበቃቸው አቶ ገብረዮሐንስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቻርጅ ላይ የነበረውን ስልኬን አዩ። «ይኸውላችሁ ሌባው! ሜሞሪውን በዋይፋይ ስባ ስባ ጨርሳዋለች!» አሉ፤ ጣታቸውን የቀሰሩት ወንጀለኛ እንደያዘ ሰው ነው። አባዬም አመነ። ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ሜሞሪው ግን አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የብሩክታይት የሠርግ ቪዲዮ እየተጠበቀ ነው። ጥር ላይ ነበር ያገባችው። እናቷ ወይዘሮ ፀሐዬ በየቀኑ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ባለፈው ማክሰኞ ግን ገቡና «ጌቱ፣ እስከ ዓርብ ካላደረስክልኝ ቀረጻውን ስጠኝ፣ ለእዮኤል እወስደዋለሁ» አሉት። እዮኤልን ታስታውሰዋለህ፤ አባዬ ካሜራ አያያዝ ያስተማረው ልጅ፣ አሁን ስቱዲዮው መስታወት በመስታወት ነው፤ ሲያልፍ ለአባዬ በእጁ ሰላምታ ይሰጣል፣ መነጽሩን ሳያወልቅ።

ያን ማታ አባዬ በልቶ ሲጨርስ «አሮጌውን ፕሮሰሰር እመልሰዋለሁ። ብሩክታይትን ለእዮኤል እሰጥና ከቪዲዮም እወጣለሁ፤ ለእኔ ጉርድ ፎቶ ይበቃኛል» አለ። «ለሚኪያስ ግን እንዳትነግሩት፤ ለፍቶ የላከው ነው።»  

ይህን ተናግሮ ምን ሊያደርግ ተቀመጠ መሰለህ? እማዬ የገዛችውን አዲስ ሪሞት በፌስታል ጠቅልሎ በላስቲክ ማሰር ጀመረ። ታውቀው የለ፣ ሶፋው እንኳ ከነፕላስቲኩ አርጅቶ በሙቀት ቀን ስንነሳ ቆዳችን አብሮ የሚነሳው በእሱ የተነሳ ነው። ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ።

«አባዬ፣ የማቀዝቀዣው ብረት ከሥሩ ፕላስቲክ ነበረው?»

«አዎ፣ ነበረው።»

«የት ጣልከው?»

«ምን በወጣኝ እጥለዋለሁ! ብረቱ እንዳይቧጨር እንዳለ ገጠምኩት» አለኝ። ኩራቱን ባየህለት! የልጁን ስጦታ ከጭረት ያዳነ አባት!

ወንድሜ፣ ያ ብረት እኮ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ተለጥፎ ትኩሳቱን መቀበል ነው። በመካከላቸው ፕላስቲክ ማስገባት ትኩሳት የያዘው ልጅ ላይ ጋቢ እንደ መደረብ ነው። ፕሮሰሰሩም እንዳይቃጠል ብሎ ሥራውን ያዘገያል፤ ከሰዎቹ ይልቅ እሱ አእምሮ አለው። በማግስቱ ይህን ለሸንጎው አቀረብኩ። አቶ ገብረዮሐንስ ለፍርድ ከበርጩማዋ ተነሱ። «ፕላስቲኩ ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበረበት። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ነገር ማኅተም ነው፤ ማኅተም ከተነሳ ዋስትና የለም» አሉ። ጽሑፉ ምን እንደሚል ስጠይቃቸው «መነጽሬን አልያዝኩም ነበር» ብለው ተቀመጡ። ጋሽ አርአያ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው አጸደቁት። አባዬም «የሚኪያስ ዕቃ ላይ ምንም አይላጥም» ብሎ ዘጋው። ፋራነት በድምፅ ብልጫ ሲያልፍ አይተህ ታውቃለህ?

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ለወይዘሮ ፀሐዬ የቀረችው ነገ ብቻ ናት። ከሰዓት ሦስቱም ነጠላቸውን አድርገው ለቀብር ሥላሴ ሄዱ። አባዬ «ሱቁን ጠብቂ፤ ምንም ነገር እንዳትነኪ» አለኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁ።

ኬዙን ከፈትኩ። አልደብቅህም፣ ሦስት ሽማግሌ ላይ መሳቅና አንተ ለፍተህ የላክኸው ዕቃ ላይ መፍቻ ማንሳት አንድ አይደለም። ማቀዝቀዣውን ሳነሳው ፕላስቲኩ ተጨማዶ፣ ቀዩ ጽሑፍ ከነክብሩ አለ። መነጽር ሳያስፈልገኝ አነበብኩት፤ በእንግሊዝኛ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡት» ይላል። ላጥኩት። ከላክኸው ነጭ ቅባት የተረፈውን ቀብቼ መለስኩት። ከዚያ ሜሞሪዎቹን ሳይ አንደኛው ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ በፍቅር የገባው ማለት ነው። ጫን ስለው «ቀጭ» ብሎ ገባ። የጋሽ አርአያ ጉልበት የሚያስፈልገው እዚህች ጋ ብቻ ነበር!

ማብሪያውን ስጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሚኪዬ፣ ያን ጊዜ አይጡን ጨምሮ በሁሉም ነገር ተጸጸትኩ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በራ። ሜሞሪው አሥራ ስድስት ነው። ቪዲዮውን ከፈትኩት፤ ብሩክታይት ኬኳን ዋጠች። ማራገቢያው ሹክ እንኳ አይልም። ሠርጉ ከነመልሱ ተጠናቆ ወጣ፤ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼ ስክሪኑን ብቻ አጥፍቼ፣ ዳንቴሉንም መልሼ አልብሼ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ድሮ ፊልም ይታጠብበት በነበረው ጨለማ ክፍል ከካሴት ቁልሉ መሃል ተቀምጬ ይህን እጽፍልሃለሁ። ለሽማግሌዎቹ ወዲያው አልነግራቸውም፤ ስልኬ ስንት ቀን ታስሯል፣ እነሱም ትንሽ ይጨነቁ።

እንግዲህ ስንብቱን ልያዝ። እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ብርድ ልብሱን ሳትደርብ ማራገቢያ ሥር እንዳትተኛ ብላለች። ለራጉኤል ሰላም በልልኝ፤ አፍንጫውን ያስመርምር። ለምግብ አብሳያችሁ ለብርሃኔም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሽሮው እንደተስማማህ ከፎቶህ አይተናል። ኡሙሀኒን ተምሩ የት ደረሰ ብለህ እንዳትጠይቃት፤

ቆይ፣ መጡ። ነጠላቸውን ሲያራግፉ ይሰማኛል።

አቶ ገብረዮሐንስ «ጌቱ፣ ድምፁ የለም» አሉ።  ጥፊ ተሰማ፤ ጋሽ አርአያ ናቸው። እንደገና ጥፊ። «አይ፣ ይሄ አልቆለታል» አሉ። አቶ ገብረዮሐንስ መቃብር ላይ ባወጡት ድምፅ «እንግዲህ ጌቱ ምን ይደረጋል፤ ለሁሉም ቀን አለው» ይሉታል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ የሹራቤን እጅጌ ነክሻለሁ። ያ ሁሉ ጩኸት ሕይወት መስሏቸው ነበር! ጤና ሲያገኝ ሞተ አሉት!

 አባዬ ሲቀመጥባት በርጩማዋ ስትንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እሑድ ሲደውል ልጄን ምን እለዋለሁ?» አለ።

እጅጌዬን ከአፌ አወጣሁ።

«ኤዶም!» ይላል። መጋረጃው ጋ ደርሷል፤ ፍላሹን ይዤ ልወጣለት ነው።

እህትህ ኤዶም ጌቱ
አራዳ፣ ፒያሳ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.