የአያ ፈንታ ጨው

ጎንደር፣ መጋቢት ፱ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ዛሬ ከአስመራ የመጣውን የጨው ማኪና ስናራግፍ ዋልን። ጨው ልብስ ይበላልና ሸሚዛችንን አውልቀን በባዶ ትከሻ ነው የምንሸከም። ጾም ስለሆነ እህል ውሃ ባፋችን አልዞረም። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሽማግሌው አያ ፈንታ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ፤ ጆንያው ጀርባቸው ላይ ተቀደደ።

ባለመጋዘኑ «የፈሰሰው ከምንዳህ ይቆረጣል!» ብሎ ጮኸባቸው። የቀን ድካማቸው በዚያው ቀረ። እኛም ጆንያችንን ተሸክመን አለፍን፤ ነገ የሚያሠራንም የሚያባርረንም እሱ ነው።

አመሻሽ ላይ ቀሐ ወንዝ ወርደን ጀርባቸውን ላጥብ ስል፣ ጨዉ የተላጠ ትከሻቸው ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኗል።

«ምነው አያ፣ አያቃጥልዎትም?» አልኋቸው።

«ያቃጥላል ልጄ። ግን ተወው፤ የከፈልሁበት ነው» አሉኝ።